የአባባ ጉተማ የአዞ ሐረግ

ሸምሱ ስልክ አይደውልም፤ ሚስኮል ነው የሚያደርገው። አንዴ ጢጥ ካለ «ሱቅ ብቅ በል» ማለት ነው። ሁለቴ ጢጥ ካለ «ዕቃ አለ፣ ባጃጇን ይዘህ ና» ማለት ነው። የዚያን ቀን ግን ስልኬ ጮኸ፣ ጮኸ፣ አላቆም አለ። አቃቂ ገበያ ተራዬ ደርሶ ሦስት ሰው ጭኛለሁ። አነሳሁት።

«ምነው፣ ጣትህ ተሳስቶ ነው?» አልኩት።

«ዳኜ» አለኝ ቀስ ብሎ። «አባባ ጉተማ አረፉ።»

ተሳፋሪዎቹን ውረዱልኝ አልኳቸው። አንዷ እናት የስድብ ናዳ ልታወርድብኝ አፏን ከፈተችና ፊቴን አይታ መልሳ ዘጋችው። ባዶ ባጃጅ እየነዳሁ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። መንገዱ ላይ ሁለት ሰው ሊያስቆመኝ እጁን ዘረጋ፤ አላየሁም ብዬ አለፍኩ።

ዳኜ እባላለሁ። አቃቂ ውስጥ ዳኜን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ባጃጅ ተሳፍሮ አያውቅም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ራሱ ነው የተወኝ፤ እኔ ምንም አላልኩትም። ምላስ ግን አለኝ። ተሳፋሪ በሳቅ ከመፍረሱ የተነሳ መውረጃው ያለፈው፣ ካለፈ በኋላም ያልተቆጣኝ ስንት አለ! እንዲህ ያለ ዝና ይዤ አባባ ጉተማ ፊት አምስት ሳንቲም አላወጣም ነበር። ከእሳቸው ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከመሞታቸው በፊት የጭርት መድኃኒቷን እንዲያሳዩኝ።

አባባ ጉተማ የድሮው ባቡር በሚሠራበት ጊዜ መኪና ሐዲዱን የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ይቆሙ ነበር። ባቡር ሲመጣ መዝጊያውን ያወርዳሉ፣ ሲያልፍ ያነሳሉ። በቃ፣ ሥራቸው ይኸው ነው።

«አባባ፣ ዕድሜ ልክዎን አንድ እንጨት ሲያወርዱና ሲያነሱ አይሰለችም ነበር?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አንተስ?» አሉ። «ሦስት ጎማ ይዘህ አራተኛውን ስትፈልግ ነው የምትኖረው።»

የተዋወቅነው በጉንፋን ነው። ጎማዬ በራቸው ላይ ተነፈሰና እየፈታሁ አስነጥሳለሁ። ሳስነጥስም ዝም ብዬ አይደለም፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ነው።

«አንተ! ሰፈሩን ልታፈርሰው ነው?» የሚል ድምፅ ከአጥር ውስጥ መጣ።

«ጉንፋን ይዞኝ ነው አባባ።»

«ና ወዲህ።»

አጥራቸውን ከሸፈነው ሐረግ ሁለት ቅጠል በጠስ አድርገው በመዳፋቸው አሹና «ሳብ» አሉኝ። እኔ ሞኙ፣ ጀግና መስዬ ልታይ ብዬ ሳንባዬ እስኪሞላ ሳብኩት። አቦ! ሚጥሚጣ የጫነ መኪና አፍንጫዬ ውስጥ ተገለበጠ። ዓይኔ አለቀሰ፣ አፍንጫዬ አለቀሰ፣ ጆሮዬ ሳይቀር ያለቀሰ መሰለኝ። ጉንፋኑ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እኔን ጥሎ የሮጠ ነው የሚመስለኝ። ዓይኔን ስገልጥ አባባ ግድግዳ ተደግፈው ይስቃሉ። ሳቃቸው ድምፅ የለውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

«ቀስ ብለህ ሳብ ልልህ ነበር» አሉ። «አንተ ግን ሳይነግሩህ የምትጨርስ ሰው ነህ።»

ያንን አጥር ያየ ሰው ይረሳዋል አልልም። የአዞ ሐረግ ነው። ክረምቱ ሲወጣ አጥሩ ነጭ በነጭ ይሆናል። አበባው ሲረግፍ ደግሞ እንደ ሽማግሌ ፂም ያለ ለስላሳ ነጭ ፀጉር ያወጣል። ሙሽሮች ሳይቀሩ እየመጡ ፎቶ ይነሱበት ነበር። አባባም «ተነሱ፣ ግን ጀርባችሁን እንዳታስደግፉ» ይላሉ። ለምን እንደሚሉ ያን ጊዜ አላወቅኩም። እኔ ያወቅኩት ጭርት የያዘው ሰው ሁሉ ወደዚያ በር እንደሚሄድ ነው። የክር ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የገበያ ነጋዴ፣ ከረባት ያሰረ የቢሮ ሰው ሳይቀር አንገቱን ሸፍኖ ይመጣል።

ቅጠሉን የሚቆርጡት ጠዋት ነው፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ። ሰው ካናገራቸው የዚያን ቀን አይቆርጡም። እኔ ይህን ስሰማ ምን አደረግኩ? በማግስቱ ማልጄ ሄጄ በአጥሩ ላይ «አባባ፣ እንዴት አደሩ!» አልኳቸው። ቢላዋቸውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ። አዩኝ። ከዚያ ዞረው ወደ ቤት ገቡ። ረፋድ ላይ ስመለስ፣

«ያ ጉርባ» አሉኝ። በኦሮምኛ «አንተ ልጅ» ማለታቸው ነው፤ ያ ጉርባ ካሉኝ ግን ስድብ ከኋላው አለ ማለት ነው። «ሰላምታህ ዛሬ ሁለት በሽተኛ አስመለሰችብኝ። ነገ እንደምን አደሩ ልትል ከመጣህ ምላስህን እዚያው ቤትህ አሳድራት።»

በሽተኛው ዱካ ላይ ይቀመጣል። አባባ ቅጠሉን ጓዳ ወቅጠው ይመጣሉ፣ ጭርቱ ላይ ያደርጋሉ፣ ከዚያ «በል ድገም» ይላሉ። ክርስቲያኑ አባታችን ሆይ፣ እስላሙ ፋቲሃ። እሳቸው ዓይናቸውን ከቆዳው ላይ አይነቅሉም። ድንገት «ይበቃል» ይሉና ጠርገው አንስተው በውኃ ያጥባሉ። አንዱን ሁለቴ አስደግመው ይሸኙታል፣ አንዱ አምስት፣ አንዱ ሰባት ይደርሳል። እኔ በር ላይ ቆሜ እቆጥራለሁ። የገባኝም ሰው የሚደግመው እንደ ኃጢአቱ ብዛት እንደሆነ ነው። አንዱ የቤት ደላላ ስምንት ሲደርስ «ይገባዋል!» ብዬ ለሰፈሩ አወራሁ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ወጣት ዲያቆን መጣ፣ ክንዱ ላይ ነው የወጣበት። አባታችን ሆይን «ሳሪስ፣ ሳሪስ አቦ፣ ሁለት ሰው፣ የሞላ» እንደሚል ወያላ ለቀቀው። ሳይተነፍስ ጨረሰ። አባባ ዓይናቸውን ሳያነሱ፣

«ዲያቆን፣ የሚያባርርህ ሰው የለም። እንደገና፣ ቀስ ብለህ» አሉት።

ልጁ አፍሮ ቀስ እያለ አራቴ ደገመ። እኔ የዚያን ቀን ሰውን ሁሉ አሳቅኩበት። ለምን ቀስ በል እንዳሉት ግን ራሴን አልጠየቅኩም።

የመድኃኒት ወጉን ታውቃላችሁ። አዋቂ የሆነ ሰው ሲደክም ለአንድ ሰው ያሳያል፤ ያ ሰው ካወራው መድኃኒቷ ትረክሳለች። የአባባ ልጅ ወይዘሮ አልማዝ ቢሾፍቱ ነው የምትኖረው፣ አባቷን ትወዳለች፣ ግን «አባዬ፣ ቅባቱ ፋርማሲ ሞልቶ!» ትላለች። ሌላ ወራሽ የለም። የአባባም ዓይን እየደከመ መጥቷል፤ ቆዳውን ለማየት ወደ በሩ ብርሃን ያዞሩታል። ስለዚህ እኔ ራሴን አጨሁ።

«አባባ፣ ለእኔ ያሳዩኝ። ጎበዝ ነኝ፣ ሰው ይወደኛል፣ አቃቂን በሙሉ አውቃለሁ።»

«አቃቂም አንተን ያውቅሃል፤ ችግሩ እሱ ነው» አሉ።

«ምን አጠፋሁ?»

«አንተ አፍ ላይ መዝጊያ የለም የኔ ልጅ። ባቡር መጣ አልመጣ ክፍት ነው።»

ሳቅኩ። ሆዴ ግን አልሳቀም። እዚያ ቤት የምመላለሰው ለቀልድ ብቻ ይመስላቸዋል ወይ እያልኩ እያሰብኩ ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፣ ባጃጅ ነጂ በየሰፈሩ እንደ አሸዋ ነው። «ዳኜ ዘንድ ሂዱ» የሚባልበት አንድ ነገር ፈልጌ ነበር፤ ጥላ ዘርግቼ ልነግድበት አይደለም፣ ሰው ሲቸገር ስሜን እንዲጠራ ነው።

ያኔ ነው አባባ ዓይናቸውን ለመታከም ልጃቸው ጋር ቢሾፍቱ ለሁለት ሳምንት የሄዱት። ቁልፉን ሰጡኝና «አጥሩን ሰው እንዳይነቅለው ጠብቅ። አንተም እንዳትነካው» አሉኝ።

እንዳትነካው ባይሉኝ ኖሮ እኮ ላልነካው እችል ነበር።

ሸምሱን እዚህ ጋ በደንብ ላስተዋውቃችሁ። የስልጤ ልጅ ነው፣ ከአባባ ቤት ትይዩ ሱቅ አለው። ከአፉ አንድ ቃል ከሚወጣ ከመደርደሪያው አንድ ካርቶን ሳሙና በነፃ ቢወጣ ይቀለዋል። ጓደኛዬ ነው፤ እኔ አወራለሁ፣ እሱ ይሰማል፣ እኩል ተካፍለናል ማለት ነው። አባባ በሄዱ በሦስተኛው ቀን አንገቱ ላይ የብርጭቆ አፍ የሚያህል ክብ ወጣበት። ጭርት። ኒካሁ ደግሞ አሥር ቀን ቀርቶታል።

«ጤና ጣቢያ ልሂድ» አለ።

«ለጭርት? ሼም ነው ሸምሱ! እኔ እያለሁ?»

«አንተ ምን ታውቃለህ?»

«አራት ዓመት ቆሜ አይቻለሁ። ዶክተር ራሱ ከዚህ በላይ ምን ይማራል?»

የሸሚዙን ኮሌታ ከፈተ። ከዚያ አንገቱን ሰጠኝ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሷ ነች፤ ያ ሁሉን ነገር ሁለቴ መዝኖ የሚሸጥ ሰው እኔን ሳይመዝን አንገቱን ሰጠኝ።

ሄጄ ከሐረጉ አንድ እፍኝ ሸመጠጥኩ። ለጋ የለ፣ ያረጀ የለ፣ ያገኘሁትን። በሱቁ የሚዛን ድንጋይ ወቀጥኩት፣ አንገቱ ላይ ደፈጠጥኩት፣ በሻርፑ አሰርኩት። «ቢስሚላሂ…» ብሎ ፋቲሃውን ሊጀምር ሲል፣

«ተወው ባክህ!» አልኩት። «ጸሎቱ ለበሽተኛው ሆድ ማረጋጊያ ነው። ሥራውን የሚሠራው ቅጠሉ ነው።»

«እስከ መቼ ይቆይ?»

«እስክመለስ። ቢያቃጥልህ እንዳትፈታው፤ ማቃጠሉ መሥራቱ ነው። ወንድ ሁን።»

በዚያው አንድ ኮንትራት አገኘሁና ወደ ቃሊቲ ነዳሁ። መንገድ ላይ የጭነት መኪና ተበላሽቶ ዘግቶታል። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምኩ። መሐል ላይ ስልኬ ጢጥ አለ። ጢጥ። ጢጥ። ሦስቴ። ሦስቴ ምን ማለት እንደሆነ አልተነጋገርንም። «ሸምሱ ቀበጠ፣ ዛሬ ሂሳብ ሞልቷል ማለት ነው» ብዬ ለተሳፋሪው ቀለድኩ።

ስመለስ ሱቁ ውስጥ ለደንበኛ ዘይት ይቀዳል። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል፣ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ጠሟል። ደንበኛዋ «ልጄ አሞሃል እንዴ?» ትለዋለች። «ደህና ነኝ» ይላል። ወንድ ሁን ብዬዋለኋ! ሻርፑን ስፈታው ቆዳው አብሮ ሊመጣ ነው። ውኃ ቋጥሯል፣ ከጭርቱ አልፎ እስከ ትከሻው።

ያቺን ባጃጅ እንደዚያ ነድቻት አላውቅም። ጤና ጣቢያ ነርሷ አየችውና ጓንቷን እያጠለቀች፣

«ምንድነው ያደረጋችሁበት?» አለች።

«ቅጠል» አልኩ።

«ማነው ያደረገበት?»

ሸምሱ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። ለዚያ ጣት መልስ የሚሆን ቀልድ ፈለግኩ፤ የለኝም።

አንገቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ኒካሁን አሰረ። ፎቶው ላይ ሁሉም ወደ ካሜራው ያያሉ፣ ሙሽራው ግን ግድግዳ የሚያይ ይመስል ፊቱን አዙሯል። እኔ አልተጠራሁም። ሚስኮልም ቀረ።

አባባ ሲመለሱ ገና ከመኪና ሳይወርዱ ሰፈሩ ሙሉ ነግሯቸዋል። አስጠሩኝ። ስድቡን ሁሉ አስቤ፣ ለእያንዳንዱ ማስተባበያ ይዤ ገባሁ። እሳቸው የጠየቁኝ ግን አንድ ነገር ነው።

«ስንት አስደገምከው?»

«ምኑን?»

«ፋቲሃውን።»

«አላስደገምኩትም አባባ። እኔ እኮ ጸሎቱ… እንዲሁ ለወጉ መስሎኝ…»

ዱካው ላይ ተቀመጡ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እየሳቁ ነው ብዬ ፈገግ አልኩ። ቀና ሲሉ ግን ሳቅ አልነበረም።

«ያ ጉርባ» አሉ። ስድብ አልተከተለም። «እሱ እኮ ሰዓቴ ነው።»

ቀስ ብለው አስረዱኝ። ቅጠሏ ታቃጥላለች። ጭርቱን የሚገድለው ቃጠሎው ነው፤ ቆዳውን የሚገድለውም ያው ነው። መሐላቸው ያለው ጊዜ ትንሽ ነው። የሕፃን ቆዳ አንድ ሁለት ድግም ነው፣ ፀሐይ የጠበሰው የጉልበት ሠራተኛ ቆዳ ብዙ ነው። ደላላው ስምንት የደረሰው ቆዳው ወፍራም ስለሆነ ነው እንጂ እግዜር ስለተቆጣው አልነበረም።

«መድኃኒቱ መለጠፉ አይደለም ዳኜ። መለጠፍማ ማንም ይለጥፋል። መድኃኒቱ ማንሳቱ ነው።»

«ታዲያ በሞባይል ለምን አይዙትም? ሰከንዱን ሳይቀር እኮ ይቆጥራል» አልኩ። በዚያች ሰዓት እንኳ አፌን ማቆም አልቻልኩም።

«ሰዓት የሚያይ ሰው ሰዓቱን ነው የሚያየው። እኔ ቆዳውን ነው የማየው» አሉ። «ደግሞ ሰው ጸሎት ይዞ አይወራጭም። በል አሁን ሂድ። ሸምሱ እስኪድን ጤና ጣቢያ እየወሰድክ ቁስሉን የምታሳጥብለት አንተ ነህ። በነፃ። ሳታወራ።»

ሳታወራ የምትለዋ ነች ያቃጠለችኝ።

በየቀኑ ወሰድኩት። ከኋላ ይቀመጣል፣ እኔ ከፊት፣ ቃል የለም። ሞተሩ ብቻ ነው የሚያወራው። በአምስተኛው ቀን ስንመለስ ከኋላ ድምፅ መጣ።

«ያቺ ሦስቴ ጢጥ ያልኳት።»

«እህ?»

«አንሳልኝ ማለቴ ነበር።»

ባጃጇን ዳር አቆምኩ። መቼም ሰው መሐል አላለቅስም፣ አቧራ ነው። ሸምሱ ከኋላ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝና «በል ንዳ፣ ሱቅ ክፍት ነው» አለኝ። ታረቅን ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሚስኮል ከመጣ የትም ብሆን ጥዬ እሮጣለሁ።

ክረምቱ አልፎ ሐረጉ ነጭ ሲሆን አባባ ትንፋሽ እያጠራቸው ተኙ። ወይዘሮ አልማዝ ሐኪም ቤት ወስዳ መለሰቻቸው፤ መድኃኒት በፌስታል ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ። አንድ ቀን ሸምሱንና እኔን አስጠሩን። የታጠበ ሸሚዝ ለበስኩ። ጫማዬን አስጠረግኩ። አራት ዓመት የጠበቅኩት ቀን ነዋ!

«ዳኜ፣ አንተ ውጭ ጠብቅ» አሉ።

ሸምሱ ገባ። እኔ አጥሩ ሥር ጆሮዬን ከግድግዳው ላይ ለጥፌ ቆምኩ። አባባ ደግሞ ያውቁኛል፤ ልጃቸውን ሬዲዮ አስከፍተዋታል። ለአንድ ሰዓት ያህል የአየር ሁኔታና የኳስ ወሬ ሰማሁ። ሸምሱ ሲወጣ ፊቱ የሆነ ከባድ ዕቃ እንደተሸከመ ሰው ሆኗል።

«ምን አሉህ?»

«አይነገርም።»

ገባሁ። መቀመጥ እንኳ አልቻልኩም።

«አባባ፣ ለእሱ? አራት ዓመት እዚህ በር ላይ የቆምኩት እኔ! እሱማ ሱቁ ውስጥ ሳሙና ይቆጥር ነበር!»

«እሱ ተቃጥሏል» አሉ፤ በየቃሉ መሐል ይተነፍሳሉ። «የተቃጠለ ሰው ማንሳት አይረሳም።»

«እኔስ?»

«ሐረጓ ያንተ ናት። የትኛው ቅጠል፣ ከየትኛው ጫፍ፣ በየትኛው ወር፤ ይኸን ለአንተ እነግርሃለሁ። ስንት ድግም እንደሆነ እሱ ያውቃል። አንተ ያለ እሱ ብትሠራ ሰው ታቃጥላለህ፣ እሱ ያለ አንተ ቢሠራ ቅጠል የለውም። ሲሠራም የሚያነሳው ሰው አይደግም፤ ዓይኑ ቆዳው ላይ ነው፣ አፉ ሥራ የለውም። እሱ ምሏል፤ አንተም ማልልኝ።»

«የእኔ አፍስ አባባ?»

«እሱን ለእግዜር ትቼዋለሁ» አሉ፣ ትከሻቸው ትንሽ ተነቃነቀ።

ማልኩ። የቅጠሉን ነገር ነገሩኝ፤ ሰማሁ። ከበር ስወጣ ግን ግማሽ ሰው ተደርጌ ነበር የወጣሁት። ግማሽ መድኃኒት! ሙሉ ዳኜ ግማሽ መድኃኒት! ኩርፊያ ይዤ በዚያ በኩል ማለፍ አቆምኩ። ሌላ መንገድ ዞሬ እሄድ ነበር። ሸምሱ «አባባ ጠየቁህ» ቢለኝ «ሥራ በዝቶብኛል» አልኩ። ዘጠኝ ቀን። በአሥረኛው ስልኩ ጮኸ፣ አላቆም አለ።

ለዚህ ነው ባዶ ባጃጅ የነዳሁት። ለቅሶው ላይ ወንበር ተሸከምኩ፣ ውኃ ቀዳሁ፣ ድንኳን ተከልኩ፣ ድንኳን ነቀልኩ። ሰው «ዳኜ ዛሬ ዝም አለ» እያለ ይጠቋቆማል። ለአባባ ልነግራቸው የምፈልገው አንድ ነገር ነበረኝ፤ መቼም ይቅርታ ሲጠየቅ ሰውዬው መኖር አለበት።

ከአርባቸው በኋላ የክር ፋብሪካ የምትሠራ አንዲት ልጅ ሸምሱ ሱቅ መጣች። ክንዷ ላይ ጭርት ወጥቶባታል። «ሽማግሌው ሲሞቱ መድኃኒቷ አብራ ሄደች ይላሉ። እውነት ነው?» አለች። ሸምሱ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ሸምሱ። ያለ አባባ እንችላለን ወይስ አንችልም፣ የሚታወቀው በዚህች ልጅ ክንድ ነው።

«ነገ ጠዋት ነይ» አላት።

በማግስቱ ማልጄ ተነሳሁ። እናቴ «እንዴት አደርክ?» አለችኝ፤ በእጄ ምልክት ሰጥቼ አለፍኳት። «ዳኜ! አመመህ እንዴ? ኧረ ልጄ አፉ ተያዘ!» እያለች እስከ በር ተከተለችኝ። ጎረቤቱን በሙሉ በእጄ ሰላም እያልኩ ወደ አጥሩ ሄድኩ። ለጋውን፣ ከተነገረኝ ጫፍ፣ የተነገረኝን ያህል ብቻ ቆረጥኩ። ሸምሱ ሱቁ ጀርባ ወቀጠ። ልጅቷ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጠች። ሸምሱ ክንዷ ላይ አደረገና ዓይኑን ተከለበት።

«ድገሚ» አልኳት። «አባታችን ሆይ። ቀስ ብለሽ።»

ጀመረች። አንደኛውን ደህና ጨረሰች። ሁለተኛው ላይ ድምፅዋ ከፍ እያለ መጣ። ሦስተኛውን ጀምራ «መንግሥትህ ትምጣ» ላይ ስትደርስ፣

«ውይ! ውይ ተቃጠልኩ! እናንተ ጉዶች፣ ምንድነው ያደረጋችሁብኝ? ልትገድሉኝ ነው? አንሱልኝ!» ብላ ክንዷን ልትነጥቅ ታገለች። ሸምሱ አጥብቆ ያዛት።

«የት ደርሼ ነበር? ከየት ነው የምጀምረው?» አለች ልጅቷ።

የሸምሱ ላብ በግንባሩ ሲወርድ አየሁ። ዓይኑን ማንሳት አይችልም፣ አፉን መክፈት አይችልም፤ ምሏል። ቅጠሉ ደግሞ እየሠራ ነው። ቢያነሳው ገና ነው፣ ቢያቆየው የራሱ አንገት አለለት። ወደ እኔ ሳያይ በባዶ እጁ ጉልበቴን መታ መታ መታ አደረገኝ።

«ፈቃድህ በሰማይ እንደ ሆነች» አልኩ።

ድምፄ የእኔ አልመስልህ አለኝ። እኔ ጸሎት የማውቀው ከልጅነቴ ጀምሮ በሩጫ ነው። ያን ቀን ግን አንድ በአንድ አወጣሁት፣ ድልድይ ላይ የሚሄድ ሰው እግሩን እንደሚያስቀምጥ። «እንዲሁም በምድር ትሁን።» ልጅቷ አየችኝ፤ ክንዷን መታገል ተወች። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ።» እሷም በከንፈሯ ተከተለችኝ። ሱቁ በር ላይ ደንበኛ «ሸምሱ!» እያለ ይጠራል፤ ማንም አልመለሰለትም። «በደላችንንም ይቅር በለን…»

ሸምሱ ቅጠሉን አነሳ።

ውኃ አፈሰሰበት። ሦስታችንም አጎንብሰን አየን። ቆዳዋ ቀልቷል፤ ቀልቷል ብቻ። ውኃ አልቋጠረም፣ አልተላጠም። ሸምሱ በረጅሙ ተነፈሰና እጁን በሱሪው ጠረገ።

«አለቀ?» አለች ልጅቷ።

ሸምሱ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እኔም የቀረችውን ጸሎት በሆዴ ጨረስኳት።